ላይ እይ!

ባጃጁ ከሳቢያን ሰፈር ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ አሸዋው ጎማውን ዋጠው። ሰማታርና የአጎቱ ልጅ ዐብዲናሲር በደረቁ ወንዝ ውስጥ ሽቅብ በእግራቸው ቀጠሉ። ከቀፊራ ገበያ የተገዛውን የመገነዣ ከፈን ዐብዲናሲር በብብቱ ሸጉጦታል። የሰማታር አባት ንጋት ላይ በመንደራቸው አርፈዋል፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ካለው የአስር ሶላት አያልፍም። እናቱ ሲቀበሩ ሰማታር ባሕር ማዶ ነበር። ዛሬ ግን ላይቀር ምሏል።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

«አቦ፣ አንተ እንግሊዝ! የተማርክበት አገር ወንዝ አለ?» አለ ዐብዲናሲር።

«ሀምበር የሚባል አለ፤ አፉ ሰፊ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሽቅብ ይገባበታል፣ ሁለቴ ይወጣል። ሰዉ ድሮ በዓሣ፣ ዛሬ በወደብ ይኖራል። ከባሕሩ ዳር ስንቱን መንደር ውሃው በልቶታል! ሁለቱን ዳር አንድ አውራጃ አድርገው ሀምበርሳይድ አሉት፤ ትልቅ ድልድይም ተሠራ። ሰዉ ግን የወዲያ ማዶውን ወገኔ አላለም። አውራጃው ፈረሰ።»

«ድልድዩም?»

«ድልድዩማ አለ።»

ዐብዲናሲር ከት ብሎ ሳቀ። «አንተስ የየትኛው ዳር ነበርክ?»

ሰማታር እርምጃውን አፈጠነ። የየትኛውም አልነበረም። እዚህስ?

ድንገት ከገደሉ አፋፍ ዝንጀሮዎች እየጮሁ ድንጋይ ናዱባቸው። ዐብዲናሲር ወደ ግራ፣ ሰማታር ወደ ቀኝ ሸሹ። ጩኸቱ ሳይበርድ መሬቱ አጉረመረመ። ሰማታር እንደ ሀምበር ልማዱ፣ ውሃ ከባሕር በኩል የሚመጣ መስሎት፣ ወደ ቁልቁሉ ዞረ። ምንም የለም።

«ላይ እይ!» ጮኸ ዐብዲናሲር።

ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ደመና እንኳ የለም።

«የወንዙን ላይ፣ አንተ!»

በሩቁ ደጋ የዘነበው ዝናብ ቡናማ የውሃ ግድግዳ ሆኖ ግንድ እያንከባለለ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ሰማታር ዘሎ የግራር ሥር ጨበጠ፤ ጎርፉ አንድ ጫማውን ነጥቆት አለፈ። እየቧጠጠ ወጣ። ዐብዲናሲር ከወዲያ ማዶ ከፈኑን ከፍ አድርጎ አሳየውና ወደ መንደሩ ሮጠ።

ሰማታር ብቻውን፣ እሾህ እየወጋው፣ በዳሩ ሽቅብ ተጓዘ። ከመንደሩ ትይዩ ሲደርስ የአባቱ ጀናዛ በቃሬዛ ከወዲያ ወጥቷል፤ ጎርፉ ግን ጭራሽ ሞልቷል።

«እንጠብቅህ?» የዐብዲናሲር ድምፅ በውሃው መሐል ተቆራረጠ።

ሰማታር በነጭ የተጠቀለለውን አባቱን ተመለከተ።

«አትጠብቁ! ስገዱ!»

በጎርፉ ውሃ ታጠበ፤ የቀረችውን ጫማ አወለቀ። ሰዎቹ ፊታቸውን ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት ወደ ቂብላ፣ ቅድም እሱ ተሳስቶ ወዳየበት ወደ ቁልቁሉ አዙረው ተሰለፉ። እሱም ከሰልፉ ጫፍ ትይዩ ቆመ።

«አላሁ አክበር!» አለ ኢማሙ፤ ድምፁ ጎርፉን ተሻገረ።

ሰማታር እጆቹን አነሳ። ሰልፉ ወንዙን አልፎ እሱ ጋ አበቃ።