በረዶ የለመደ ባትሪ

«ስድስተኛውን ከላይ አድርጊው፤ ወደ ቀዳዳዋ ይጠጋ» አለ አባቷ አንገቱን በመኪናዋ መስኮት አስግጎ።

ወንጌል በረዶ የሆነውን የሃይላንድ ጠርሙስ ከአምስቱ ላይ ጨመረችው። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ እንደ ሲሚንቶ ከበደ። ከኋላ ወንበር ጎን ካለችው ወንፊት መሳይ ቀዳዳ ጋር አስጠግታ በጭኗ ደገፈችው። ቅዝቃዜው ቀሚሷን አልፎ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ውጭ ግን የገንዳ ውሃ ከተማ የሚያዝያ ፀሐይ የቤቱን ቆርቆሮ እያንቋቋው ነበር።

«ዚፑን ግማሽ ብቻ ዝጊው። ቅዝቃዜው ይውጣ፤ በረዶው እንዳይታይ።»

«አባዬ፣ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«ደብተር ነው በያ።»

«ደብተር ያንጠባጥባል?»

አባቷ ትንሽ አሰበ። «አይጠይቁሽም» አለ።

መኪናዋ ሃይብሪድ ናት፤ ግማሹን በቤንዚን፣ ግማሹን በኤሌክትሪክ ትሄዳለች። የኤሌክትሪኩ ትልቅ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር በኩል ሲሆን፣ በዚያች ቀዳዳ አየር እየሳበ የሚያቀዘቅዘው ፋን አለ። አባቷ አቶ ቢያድግልኝ መኪናዋን የገዛት አምና ክረምት ጎንደር ላይ ነው። ዝናብ እየዘነበ፣ ሻጩም ገዢውም ጃኬት ለብሰው። እዚያ ባትሪው ጨዋ ነበር። ቆላ ሲወርድ ጠባዩ ተለወጠ። አባቷ ጆንያና ሸራ የሚሸጥበት ሱቅ መተማ ዮሐንስ ስለሆነ በየቀኑ ይመላለሳል። ጠዋት ሲሄድ መኪናዋ ቤንዚን ቀምሳ እንኳ የማታውቅ ትመስላለች። ከቀትር በኋላ ሲመለስ ግን ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ቀጥሎ ቀይ ሦስት ማዕዘን መብራት ይበራል፤ ከዚያ መኪናዋ እንደ ኤሊ ተስባ ተስባ ኮኪት አጠገብ ካለው ግራር ሥር ትቆማለች። የኮኪት ባጃጅ ነጂዎች አባቷን በስሙ አያውቁትም። «የግራሩ ሰውዬ» ነው የሚሉት።

ክረምቱ ሳይገባ መኪናዋ ካልተሸጠች ለሰሊጡ የሚሆን ጆንያ ማስመጣት አይችልም። ስለዚህ ገዢ ሲመጣ የሚያሳየው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ብቻ ነበር። ለምን ሲሉት «የጠዋት ገበያ በረከት አለው» ይላል። የዛሬዋ ገዢ ሲስተር ዘሀቢያ ግን መተማ ዮሐንስ ጤና ጣቢያ የሌሊት ተረኛ አድረው፣ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሲሉ፣ ስድስት ሰዓት ሆነባቸው። አባቷ ይህን በስልክ ሲሰማ መጀመሪያ ወደ ፀሐይዋ፣ ቀጥሎ ወደ እናቷ ፍሪጅ ተመለከተ።

ሲስተር ዘሀቢያ ብቻቸውን አልመጡም። ታላቅ ወንድማቸውን ጋሽ ሷሊህን ይዘው ነበር። ጋሽ ሷሊህ በሰሊጥ እርሻ ላይ ሠላሳ ዓመት ትራክተር ነድተዋል፤ ስለ ሞተር ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው መኖሩንም አያምኑም። መኪናዋን አንዴ ዞሯት፤ ጎማዋን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ።

«እስቲ አስነሣት።»

«ተነሥታለች» አለ አባቷ።

«የታለ ሞተሩ?»

«አሁን በባትሪ ናት።»

ጋሽ ሷሊህ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ሊለጥፉ ሲሉ አቃጠላቸውና ተመለሱ። ወደ ኋላ ዞረው ጭስ ማውጫው ላይ እጃቸውን ዘረጉ። ምንም የለም።

«ዘሀቢያ፣ ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት። ይሄ ሰው የሞተች መኪና ነው የሚሸጥልሽ።»

«ጋሼ፣ ዝምተኛ ናት ተብለን የለ?»

«ዝምተኛ ነገር አልወድም።» ከዚያ ወንጌልን በመስኮት አዩዋት። «ይቺስ?»

«ልጄ ናት፤ እሷም ዝምተኛ ናት» አለ አባቷ ፈጠን ብሎ። «አብራን ትዙር፤ መኪና ትወዳለች።»

ወንጌል መኪና አትወድም። መኪና ያስመልሳታል።

ጋሽ ሷሊህ መሪውን ያዙ፤ አባቷ ከጎናቸው ሆነ፤ ሲስተር ዘሀቢያ ከኋላ ከወንጌል አጠገብ ተቀመጡ። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው ወደ ኮኪት የሚወስደውን አስፋልት ያዙ። የሚገባው ነፋስ ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አሉ ሲስተር።

«ዘ… ዘጠነኛ።»

«ጎበዝ። አየሽ የኔ ልጅ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ ግማሽ ዕድሜዬ አለቀ። ረዳቱ ሁለት ሰው ይቀራል ይላል። ሁለት ሰው ሲገባ፣ መጠበቅ የሰለቻቸው ሁለት ሰዎች ይወርዳሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲቱን ምጥ ይዟት እኔ እዚሁ መናኸሪያ ቁጭ ብያለሁ። ስደርስ ልጁ ቀድሞኝ ደርሷል።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም።»

«ሲመለሱስ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ወንጌል ከአፏ ካመለጣት በኋላ ባልጠየቅሁ አለች።

«የቀን ተረኛ ስሆን ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት።»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ መኪናዋ ቀለም ማውራት ጀመረ። ወንጌል በልቧ መንገዱን ለካችው። ስምንት ሰዓት ላይ ሲስተር ዘሀቢያ ግራሩ ሥር ቆመዋል፤ ባጃጆቹም አዲስ ስም አውጥተውላቸዋል።

በረዶው እየቀለጠ ከቦርሳው ሥር ወደ ጫማዋ ወረደ። ጭኗ ደነዘዘ። ጥርሷን ነክሳ ልትይዘው ሞከረች፤ ጥርሷ ግን እርስ በርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። ሲስተር ዘሀቢያ ወሬያቸውን አቋርጠው እጇን ያዙ።

«እጅሽ እኮ በረዶ ነው። ትንቀጠቀጫለሽ እንዴ?»

«አል… አልተንቀጠቀጥኩም» አለች እየተንቀጠቀጠች።

«አቶ ቢያድግልኝ፣ ይህችን ልጅ ወባ ይዟታል።»

«አዎ፣ ከትናንት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ያደርጋታል።»

«ከትናንት? ወባ ይዟት በዚህ ፀሐይ ያዞሯታል?»

«ማለቴ… ከትናንት እንኳ አይደለም። ጉንፋን ነው።»

«ይሄ ሰው ስለ ልጁም የሚያወራው እንደ መኪናዋ ነው» አሉ ጋሽ ሷሊህ።

«ጋሼ፣ አዙር። ሐኪም ቤት እንውሰዳት፤ ደሟ ይታይ።»

ሲስተር ከዘንቢላቸው ነጭ ጋዋናቸውን አውጥተው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። ሌሊቱን ያልተኙ ዓይኖቻቸው ቀልተዋል። «አይዞሽ። ጣትሽን እኔው ራሴ ነኝ የምወጋሽ፤ አያምሽም» አሏት ትከሻዋን እያሻሹ።

አባቷ ከፊት ዞር ብሎ አያት። ዓይኑ ዝም በይ ይላል። ዝም ማለት ለወንጌል ከባድ ነገር ሆኖባት አያውቅም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን የማታነሣ ልጅ ናት። አሁንም ዝም ብትል ሲስተር ጣቷን ወግተው፣ ደሟን አይተው፣ ምንም የለብሽም ብለው ደስ ይላቸዋል። ከዚያም መኪናዋን ይገዛሉ።

ድምፅ በሌላት መኪና ውስጥ የዚፑ ድምፅ ጎልቶ ተሰማ።

ወንጌል አንደኛውን ጠርሙስ አውጥታ የሲስተር ዘሀቢያ ጭን ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛውን ጨመረች። ሦስተኛው ሲደርስ ሲስተር በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

«ወባ አይደለም» አለች። «በረዶ ነው። ለባትሪው ነው።»

የቀሩትንም አወጣቻቸው። ስድስቱም ጠርሙሶች ከቀዳዳዋ አጠገብ ተነሥተው ብዙም ሳይቆይ ከወንበሩ ጎን እንደ ወፍጮ ያለ ጩኸት ተነሣ።

«ይኸውና» አሉ ጋሽ ሷሊህ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በርቶ። «አሁን ሞተሩ ተነሣ።»

«ሞተሩ አይደለም» አለ አባቷ በደከመ ድምፅ። ቀዩ ሦስት ማዕዘን በራ።

መኪናዋ ተስባ ተስባ መንገድ ዳር ያለ ዛፍ ሥር ቆመች። አንድ ባጃጅ ሲያልፍ ነጂው ለአባቷ እንደ ጎረቤት እጁን አውለበለበለት።

ጥላው ውስጥ ተቀምጠው የቀለጠውን ውሃ ጠጡ። ሲስተር ዘሀቢያ አንዱን ጠርሙስ አጋመሱና ክዳኑን መልሰው «አንዴ ከቆመች ስንት ሰዓት ትቆያለች?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ወንጌልን ነው።

ወንጌል አባቷን አየች። አባቷ ጫማውን ያያል።

«ንገሪያቸው» አለ።

«አርባ ደቂቃ። ፀሐይ ከበረታ አንድ ሰዓት።»

«እኔንም እኮ ጎንደር ላይ በዝናብ ነው የሸጡልኝ፣ ሲስተር» አለ አባቷ።

«እና እርስዎ ደግሞ ለእኔ በበረዶ?»



ጋሽ ሷሊህ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትራክተር ሲሞቅ ውሃ ታጠጪዋለሽ፣ ይሄዳል። ይቺ ግን በረዶ የታቀፈ ልጅ ካልተጫነባት አትሄድም።»

ሲስተር ዘሀቢያ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሲያበቁ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ። «ባትሪውን ካስቀየሩ በኋላ፣ ልክ በዚህ ሰዓት ያሳዩኝ። ያኔ እንነጋገራለን።» ወዲያው ከኮኪት በኩል የመጣ ሚኒባስ እጃቸውን አይቶ ቆመ። ሞልቶ ፈሷል፤ እሳቸውና ጋሽ ሷሊህ እንደምንም ተጠጋግተው ገቡ። «ጋዋኑን ቀሚስሽ ሲደርቅ ትመልሽልኛለሽ» አሉ ሲስተር በመስኮት።

መኪናዋ ስትበርድ ወንጌል ከፊት ገብታ ተቀመጠች። አባቷ አፉን የከፈተው የከተማዋ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ነው።

«ነገ ከገለጉ ከተማ የሚመጣ ሰው አለ።»

«ጠዋት?»

«መንገዱ መጥፎ ነው። ቀትር ላይ ነው የሚደርሰው።» ማርሹን ያለ ምክንያት ነካ ነካ አደረገ። «ያው… ቦርሳሽ እስከዚያ ይደርቃል፣ አይደል?»

«ነገ ትምህርት አለኝ።»

«ነገ እኮ እሑድ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ወንጌል፤ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም።