በአግባቡ የተኛው በርሜል

አውሎ ነፋሱ ያመጣው ጎርፍ መንገዱን ከዘጋው ወዲህ ከማዕድን ማውጫው መውጣት አልተቻለም። ሳጅን ሎርና ፔትሪች ከሦስት ሰዎችና ከአንድ ሬሳ ጋር ዘይት መጋዘኑ ውስጥ ተዘግቶባታል። ቆርቆሮው ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ የግራሶው ሽታ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከሦስቱ አንዱ ገዳይ መሆኑን ማወቅ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል።

ሎርና ወደዚህ የመጣችው የጭነት ማንሻ ማሽን ከድቶ የአንድ ሠራተኛ እግር ስለሰበረ ነበር። በማንሻው ውስጥ ያለው ዘይት ውሃ ገብቶበት ወተት መስሏል። የመጋዘን ኃላፊው ኪዝ ብራኒጋን «ጠዋት ሁሉንም እነግርሻለሁ» ብሏት ነበር። ጠዋት ግን ከመደርደሪያ የወረደ በርሜል ጭንቅላቱን መትቶት ሞቶ ተገኘ።

«ቱዊ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ሄስኬት። «ትናንት ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም።»

ሳሞአዊው መካኒክ ቱዊ በካቴና የታሰሩ እጆቹን አነሳ። «ተጣላን እንጂ አልገደልኩትም። ሚስቴ መውለጃዋ ደርሷል፣ ሳጅን። ጎርፉ ሲጎድል እንዲህ አስረሽ ልትወስጂኝ ነው?»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በርሜል እንዳመጣሁት ነዋ የምጥለው! ክዳኑ ወደ ላይ ዞረ ወደ ታች፣ እኔ ምን ቸገረኝ? እሱ ደግሞ ለዘይት ከሚስቱ በላይ ይሳሳል።»

የኪዝ የረጅም ዘመን ባልደረባ ሽማግሌው ኔቪል ራሱን ነቀነቀ። «ለዚህ ሞኝ ማን ያስረዳው፣ ልጄ። በርሜል ሲተኛ ሁለቱ ክዳኖቹ ጎን ለጎን እኩል ካልሆኑና ዘይቱ ከውስጥ ካልሸፈናቸው ላስቲካቸው ይደርቃል፤ እርጥበት ይስባል።»

ሎርና ኪዝን የመታው በርሜል አጠገብ ተንበረከከች። እንዳይንከባለል ከሥሩ ሁለት የእንጨት ሽብልቆች ተወትፈዋል። ክዳኖቹን ደጋግማ አየቻቸው፤ ከዚያ ተነስታ የቱዊን ካቴና ፈታች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሄስኬት።

«ተንከባሎ የወደቀ በርሜል ለራሱ ሽብልቅ አያደርግም። ኪዝ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው አስተካክሎታል። ክዳኖቹም እንደ ጆሮ ግራና ቀኝ እኩል ናቸው። ቱዊ እንዲህ አያስተኛም፤ ጠባቸውም ይኸው ነበር። አንተስ ሄስኬት፣ በርሜል አስተኝተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? በዚህ ወገቤ? ነክቼም አላውቅ።»

«እንግዲህ ኔቪል፣ እርስዎ ቀሩ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ እርስዎን ያጋለጠዎት ግን ደግ ልማድ ነው።»

ኔቪል ወደ በርሜሉ ዞረ። «ዝናብ ላይ አቁሜ የረሳሁት በርሜል ነበር። ከሱ ቀድቼ ማንሻው ውስጥ ጨመርኩት። ኪዝ ሊነግርሽ ነበር፤ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። በርሜሉን ገፋሁበት።»

«ሰው ገድለው ሲያበቁ በርሜሉን ለምን አስተካከሉት?»

ሽማግሌው የራሱን እጆች አያቸው። «ተጣሞ ሳየው አላስቻለኝም። ኪዝ ነው እንዲህ ያስለመደኝ።»

ካቴናው ወደ ኔቪል እጅ ዞረ። ነፋሱ ግን አልበረደም፤ አራቱም ከኪዝ ጋር እዚያው ተቀመጡ።