የጋሽ ክንፈ ኤሲ

ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ የዛፍ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ሲሚንቶው ላይ ይዘረራል። ትርንጎ ግን ሥራ የሚበዛባት ያኔ ነበር። ሳቢያን ሰፈር ባለችው ባለቆርቆሮ ቤቷ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ካጨለመችው መኝታ ቤት ትገባና፣ ፎጣ ውሃ እየነከረች የባሏን ደረት ታብሳለች፣ ጀርባው እንዳይብስበት አንዴ ወደ ግድግዳው አንዴ ወደ በሩ ታገላብጠዋለች፤ ከንፈሯ ውዳሴ ማርያሙን ያነበንባል፣ ጆሮዋ ከላይ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንቋቋ፣ ከታች አሮጌው ቬንትሌተር ሲያቃስት ይሰማል፣ አፍንጫዋ የቅባቱንና የላቡን፣ የሽንቱንና የሳሙናውን ሽታ አንድ ላይ ለምዶታል።

ባሏ ጋሽ ክንፈ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር። ስትሮክ ሳይመታው በፊት አፉ አርፎ አያውቅም፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ያስቅና ትርንጎን መግቢያ ያሳጣታል። «እህህም» ብሎ ጉሮሮውን ከጠረገ ነገር ሊያመጣ ነው። እሷንም በስሟ ጠርቷት አያውቅም፣ «አንቺ ሎሚ» ነው የሚላት። አሁን ቀኝ ጎኑ በድን ሆኗል፣ አፉ ተጣሟል፣ ከዚያ ሁሉ ወሬ የቀረው «እእ» ብቻ ነው። ዓይኑ ግን አልታመመም። ልብሱን ስትቀይርለት እንኳን ጠቀስ ያደርጋታል፣ እሷም «አታፍርም!» ትለዋለች። የምትኖረው ለዚያች ጥቅሻ ነበር።

የጀርባው ቁስል አልድን ሲል ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ አየው። «መድኃኒት ብቻውን ምንም አያደርግለትም» አለ፣ ግንባሩን በእጁ እየጠረገ። «የሚበላው ሙቀቱ ነው። ክፍሉን ካላቀዘቀዛችሁት አይከርምም።» የድሬ ሰው ሲመሽ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ይተኛል፤ ክንፈን ግን በየቀኑ ማን ተሸክሞ ያወጣዋል?

ኤሲ ስለመግዛት ለልጆቿ ደወለች። መከራዋ የጀመረው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ሶስና «አዲስ ነው የሚገዛው፣ ዋስትና ያለው» ትላለች። ደብረ ብርሃን ያለው ናሆም «እማ፣ ለአንዲት ክፍል አዲስ ምን ያደርጋል? ያገለገለ ይበቃል» ይላል። እሷ መብራት ስለሚቆጥበው ታስረዳለች፣ እሱ ቪዲዮ ይልካል፣ ከዚያ እርስ በርስ ይጣሉና ሁለቱም ስልኩን ይዘጋሉ።

«ሁለታችሁም ብርድ አገር ተቀምጣችሁ ነው የምትጨቃጨቁት!» አለቻቸው አንድ ቀን። «አባታችሁ እዚህ እየተቀቀለ ነው!»

ተነስታ ራሷ ዞረች። አዲሱ የማይቀመስ ነው። ባለጎማው፣ ውሃ የሚጨመርበት፣ እርጥብ ንፋስ እየነፋ ቤቱን የገንፎ ድስት ያደርገዋል። ሌላውን ደግሞ ባለሱቁ ራሱ «ቆጣሪሽ አይችለውም፣ ይቅርብሽ» አላት። አንዱ የሚለውን ሌላው ያፈርሰዋል፣ ሁሉም ሪሞት እየጠቆመ በማይገባት ቋንቋ ያወራል። «እመቤቴ ማርያም፣ ብርድ መግዛት እንዲህ ሰው ይገድላል?» እያለች፣ እግሯ አብጦ፣ ነጠላዋ ከጀርባዋ ተጣብቆ ረዛቅ ደጃፍ ደረሰች። ረዛቅ ከጅቡቲ የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ እየሸጠ፣ ራሱ የሚገጥም፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው።

«አቦ እማ፣ ይቺን ውሰጂ። ትንሽ ናት ግን አንበሳ ናት።»

«አንበሳ ምን ያደርግልኛል? የሚያቀዘቅዝ ስጠኝ።»

«ታቀዘቅዛለች ስልሽ! አንድ ቤት፣ አንዲት ክፍል ብቻ ነው የሠራችው። ወላሂ፣ አዲስ ናት በይው።»

«እንዲህ ጥሩ ከሆነች ለምን ሸጧት?»

ረዛቅ አቧራውን በክንዱ ጠረገ። «ቤቱ ውስጥ ሰው የለማ» አለ።

በማግስቱ ግድግዳውን በስቶ ገጠማት። አንዱ አካሏ ከክንፈ ራስጌ በላይ ተሰቀለ፤ ሌላው፣ ትልቁና ማራገቢያ ያለው፣ ከመስኮቱ ስር ግቢው ውስጥ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ ተቀመጠ። ሁለቱን በግድግዳው ቀዳዳ የሚያልፍ ቱቦ ያገናኛቸዋል። ትርንጎ ውጪ ያለውን ትኩስ ንፋስ በእጇ ነካችና ተቆጣች። «ይሄ ይሞቃል እኮ! አታለልከኝ?»

«አንቺ ደግሞ!» ረዛቅ ሳቀ። «ብርድ የምታመርት መሰለሽ እንዴ? ውስጥ ያለውን እየሳበች ውጪ ትደፋዋለች። በቃ፣ ሥራዋ ይሄ ነው።»

እውነትም መጀመሪያ ላይ በረከት ነበረች። ክንፈ ላቡ ደረቀ፣ እህል ቀመሰ፣ ቁስሉ መጠገግ ጀመረ። ትርንጎም ከአልጋው ግርጌ ፍራሿን ዘርግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት በኋላ አሸለበች። ከበላይዋ የማሽኗ ድምፅ ቀስ ብሎ ይስባል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይስባል፤ ጨለማው ቀዝቅዞ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ ይተኛል። «ተመስገን» ብላ ለሶስናም ለናሆምም ደወለች፣ እነሱም ማን ልክ እንደነበር ተከራከሩ።

የመጀመሪያው ነገር ሽታው ነው። አንድ ቀን አንሶላውን ልትቀይር ጎንበስ ስትል የክንፈ ትራስ ምንም አይሸትም። አንገቱ ስር አፍንጫዋን ከተተች፤ ምንም። ላብ የለ፣ ቅባት የለ፣ የሰው ገላ የለ፤ ሰው ያላደረበት ቤት ግድግዳ የምታሸት ነው የሚመስላት። ጉንፋን ይዞኛል ብላ አንሶላውን ይዛ ወጣች። ልብስ ማስጫው ጋ ስትደርስ ግን የውጪው ማሽን ትኩስ ንፋስ ፊቷን መታት፤ በንፋሱ ውስጥ የክንፈ የፀጉር ቅባት፣ ከልብሱ ታጥቦ የማይለቀው ናፍጣ፣ ልጆቹ ሳይወለዱ የተወው ሲጋራ ሳይቀር ነበረበት።

ረዛቅ ተጠርቶ መጣ፣ የውስጡን ወንፊት በሳሙና አጠበ።

«ሽታ ካወጣች ምን ከፋሽ?»

«የሰው ሽታ ነው የምታወጣው እያልኩህ!»

«ታዲያ የማንን ታውጣ፣ የግመል?» ብሎ ስቆ ሄደ።

ከዚያ ዓይኑ። ትርንጎ ልብሱን ትቀይርለታለች፣ እሱ ጣሪያውን ያያል። ጥቅሻውን ትጠብቃለች፣ «ዛሬ አኮረፍክ?» ትላለች፣ እሱ ዓይኑን ያዞርና እንደ እንግዳ፣ በትህትና ያያታል። ፀበል ስትረጨው ፊቱን አላሸሸም፣ አልሳቀምም፤ ጠብታው ጉንጩ ላይ እንደ ብርጭቆ ላይ ቆሞ ቀረ።

አንድ ቀን የመጠጥ ውሃ ይዛ ስትገባ በጨለማው ውስጥ ጥርት ያለ ድምፅ ሰማች።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ እባክዎ በሩን ይዝጉልኝ።»

ወደ አልጋው ሮጠች። አፉ ተቃንቷል። ምላሱ ተፈቷል። ትርንጎ እልል አለች፣ መሬት ሳመች፣ ለልጆቿ ደወለችና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገችለት። «ደህና ነኝ» አላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን። እናታችሁ በሚገባ ትንከባከበኛለች።» ሶስና አለቀሰች፣ ናሆም አለቀሰ፣ ቅዳሜ አብረን እንመጣለን አሉ። «እማዬ» አለች ሶስና በእንባዋ መሀል እየሳቀች፣ «አባዬ እንዴት ጨዋ ሆኗል!»

ስልኩ ሲዘጋ ያ «ጨዋ» የሚል ቃል ትርንጎ ሆድ ውስጥ ቀረ። ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል የለም። ልጁ ሽማግሌውን አንተ ይላል፣ ለማኙ ከንቲባውን አንተ ይላል፤ ክንፈ ደግሞ ድሬ ተወልዶ ድሬ ያረጀ ሰው ነው። አጠገቡ ተቀመጠችና እሱ ራሱ ሁሌም የሚያወራውን፣ ቦቴው መሀል መንገድ ቆሞበት ግመል ያስጎተተበትን ጨዋታ አወራችለት። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ሁለቱንም እጁን።

«መልካም ነው» አላት። «ደክመዋል። ትንሽ ይረፉ።»

ስንት ዘመን «ሰው ሁን፣ ጨዋ ሁን» እያለች የጮኸችበት ሰውዬ ይኸው ሰው ሆኖ፣ በጥፊ ልትለው እጇ ተነሳ። ተናዳ ወጣች፣ በሩን ወርውራ ዘጋችው፣ የልብስ ማስጫው ጋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ፀሐዩ ድንጋዩን ይጠብሰዋል፣ ግቢው ውስጥ ዝንብ እንኳን አይበርም። የውጪው ማሽን እየተንቀጠቀጠ ትኩስ ንፋሱን አንገቷ ላይ ይነፋል። ከማራገቢያው ኋላ፣ ከብረቱ ኡኡታ ስር፣ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«እህህም» አለ።

ትርንጎ አልተነሳችም። ንፋሱ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ እንባዋን አደረቀውና በጣም ሩቅ፣ በጣም ደካማ በሆነ፣ ግን በምታውቀው ሳቅ ውስጥ «አንቺ ሎሚ» አላት።

ሁለት ቀን ማንም ሳያያት እዚያ በርጩማ ላይ ዋለች። የሚላትን ሁሉ አትሰማም፤ ግማሹን ማራገቢያው ይቆርጠዋል። ግን ቀኑ በሄደ ቁጥር ድምፁ እየሳሳ፣ ንፋሱ ግቢውን አቋርጦ ከአጥሩ በላይ እየበተነው መሆኑ ገባት። ሐሙስ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ማሽኗ ቀጥ አለች። ትርንጎ ሮጣ ገባች፤ ክፍሉ ቀስ በቀስ ሲሞቅ፣ አልጋው ላይ ያለው ሰው ፊት ሲላብ፣ አፉ ሲጣመም፣ ያ የሽንትና የቅባት ሽታ ሲመለስ አየች፤ ዓይኑ ተገለጠና ጠቀሳት። «እእ» አለ። «ክንፈ! ክንፈዬ!» ብላ ላቡን ስትስም፣ መብራት መጣና ከራስጌው ማሽኗ ጢጥ ብላ መሳብ ጀመረች፣ ዓይኑም ፊቱ በእጇ እንዳለ እንደገና እንግዳ ሆነ።

ቁርጧን አወቀች። ቁስሉ ይመለሳል፤ ይመለስ። በፎጣዋ ታብሰዋለች። ሙቀቱ ቢገድለው እንኳን ክንፈን ሆኖ ይሙት፣ ክንፈን ሆኖ ይቀበር። ልጆቹ ይጮሁባታል፣ ይጩሁ። ቅዳሜ ከመምጣታቸው በፊት ልትነቅላት ገባች። ሶኬቱ ከራስጌው ኋላ ነው፤ ለመድረስ አልጋው ላይ መደገፍ አለባት። ብርዱ ከበሩ ጀምሮ አጥንቷ ውስጥ ገባ። ጨለማው ውስጥ እሱ ቀና ብሎ ተቀምጧል።

«እንዳይነቅሉት» አላት፣ ሳይቆጣ። «ይህ ሰውነት ይቆስላል።»

«በስመ አብ!» አለች ትርንጎ። «ከባሌ ላይ ውረድ!»

«ደክመዋል፣ ወይዘሮ ትርንጎ። ልጆቹ እስኪመጡ ትንሽ ይቀመጡ።»

አትቀመጥም። ግን እጇ ወደ ሶኬቱ ሲዘረጋ ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ መገላበጥ፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ በአንድ ጊዜ ትከሻዋ ላይ ወደቀና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አባታችን ሆይ ብላ ጀመረች። ከበላይዋ ማሽኗ ቀስ ብላ ትስባለች። በሰማያት የምትኖር። ማሽኗ ታቆማለች፣ ደግሞ ትስባለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቃል ጠፋት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጠፍቷት የማያውቀው ቃል፣ ከራሷ ውስጥ በቀጭን ክር ሲወጣ ተሰማት። ብርዱም ተዋት። ምንም አልበረዳትም።

ዓይኗን ስትገልጥ ግቢው ውስጥ ናት። እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ፀሐዩ ነጭ ነው፣ በሁሉም በኩል ትኩስ ንፋስ ይነፍሳል፣ የተሰጣው አንሶላ በፊቷ ይርገበገባል። በርጩማው ባዶውን ቆሟል። በጣም ቅርብ፣ ጆሮዋ ውስጥ ማለት ይቻላል፣ ክንፈ ጉሮሮውን ጠረገ። ምንም ቀልድ ግን አላመጣም።

«አንቺም መጣሽ?» አላት ብቻ።

የግቢው በር ተንኳኳ፣ ከዚያ ተከፈተ። ሶስናና ናሆም ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ በሙቀቱ እያለከለኩ ገቡ። «ሶስዬ!» ብላ ሮጠችላቸው፣ «ናሆሜ፣ እንዳትገቡ!» ሶስና በፊቷ አለፈችና ፊቷን በእጇ እያራገበች ዞር አለች። «ኡፍ! ይሄ ማሽን ደግሞ ንፋሱ ያቃጥላል፣ ድምፁስ» አለች። «ያገለገለ ግዙ ያልከው አንተ ነህ።»

«ውስጡ በረዶ ሆኖልሻል፣ ግቢና እዪው» አለ ናሆም ሻንጣውን ደጃፉ ላይ እያስቀመጠ።

ትርንጎ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች፤ አንሶላው ገመዱ ላይ ትንሽ ተወዛወዘ። ልጆቿ የመኝታ ቤቱን በር ከፈቱ፣ ሶስና «እማዬ!» ብላ እጆቿን ዘርግታ ወደ ጨለማው ገባች፣ ከውስጥም የትርንጎ የራሷ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ እባካችሁ በሩን ዝጉት፣ ሙቀቱ ተከትሏችሁ እንዳይገባ» አለ።