ሦስት መቶ ስድሳኛዋ ፎቶ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ጋቢያችሁን ተከናነቡ። የስልካችሁንም መብራት አጥፉት፣ ነገ ለመንገድ ያስፈልገናል። ጨለማውን አትፍሩት። ጸሎታችንን አድርሰናል፣ ብዙም ነን። ደግሞ የምነግራችሁ የእኩለ ሌሊት ነገር አይደለም። የንጋት ነገር ነው። ወፍ ሳይንጫጫ፣ ሰማዩ አመድ ሲመስል፣ ሰውን ከቁጥቋጦ መለየት በማይቻልበት ሰዓት የሆነ ነገር ነው።

ያንን ሰዓት ታውቁታላችሁ? ታውቁታላችሁ።

መንገዱ ቀጭን ነው። ከመንደሩ ይወጣል፣ በባሕር ዛፎቹ መሐል ያልፋል፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ መሻገሪያ ይወርዳል። ከመሻገሪያው በላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ የቆመ ሰው ወንዙንም ማዶውንም ኮረብታውንም ያያል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ዓመት ሙሉ በየቀኑ ይወርድ ነበር። ብቻውን። ልብ በሉልኝ፣ ብቻውን።

ሰውዬው ደምለው ይባላል። ሥራው ፎቶ ማንሳት ነበር። በገበያ ቀን ነጭ አቡጀዲ ዛፍ ላይ ይወጥርና «ቀና በሉ፣ አትንቀሳቀሱ!» እያለ ያገሩን ሰው ያነሳል። ሙሽራ አንስቷል። ሽማግሌ አንስቷል። ያላነሳው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማንን? ታላቅ ወንድሙን፣ ቢያድግልኝን።

«አንተ ደሜ፣ የጎረቤቱ በሬ ሳይቀር ፎቶ አለው። እኔን መቼ ነው የምታነሳኝ?» ይለዋል ቢያድግልኝ።

«ነገ፣ ወንድምጋሼ። ፊልሙ አልቋል።»

«ነገ እኮ ትናንትም ነበረች።»

«ምን አስቸኮለህ? ፊትህ የት ይሄድብሃል?»

ይሳሳቃሉ። ወንድማማች አይደሉም? ይሳሳቃሉ።

በሐምሌ ገብርኤል ማግስት አንዲት ጥጃ ወንዝ ውስጥ ገባች። ቢያድግልኝ ሊያወጣት ወረደ። ካፖርቱንና ባርኔጣውን ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፣ በሸሚዙ ብቻ ገባ። ደራሽ ውሃ መጣ። ጥጃዋ ወጣች። ቢያድግልኝ አልወጣም። መንደሩ በሙሉ ወንዙን ተከትሎ እስከ ቆላው ወረደ። ሬሳ የለም።

እንግዲህ በዚያ አገር ሬሳ ሲጠፋ፣ የሟቹ ፎቶ ነው በሬሳው ቦታ ልቅሶው መሐል የሚቀመጠው። እናታቸው ወይዘሮ አንጓች ደምለውን ጠሩት።

«ያንን ሁሉ ሰው አንስተሃል፣ ደሜ። የልጄን ፊት አምጣልኝ። ምን ይዤ ላልቅስ?»

«የለኝም» ማለት አቃተው። እናንተ ብትሆኑስ? ምን ትሏቸው ነበር? የወንድሙን ካፖርትና ባርኔጣ ጠቅልሎ ከተማ ወረደ፣ ፎቶ ቤት ወዳለው ወዳጁ ወደ ሸምሱ ሄደ። ወንድማማቾቹ ከሩቅ አይለዩም ነበር፣ ደምለው ትንሽ ቀጠን ይላል እንጂ። ካፖርቱን ለበሰ። ባርኔጣውን ደፋ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ነገር ደግ አይመስለኝም» አለው ሸምሱ።

«ለእናቴ ነው። ዝም ብለህ አንሳ።»

ፎቶው በትልቁ ታጥቦ፣ መስታወት ገብቶለት፣ በሠልስቱ ልቅሶው መሐል ቆመ። ሰዉ ደረቱን መታ። ሴቶቹ «ቢያድግልኝ! ቢያድግልኝ!» እያሉ ወደ ፎቶው ጮኹ። ወይዘሮ አንጓች ፎቶውን አቅፈው ለረጅም ጊዜ አዩትና «ልጄ፣ ምነው ከሳህብኝ» አሉ። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሕይወት ወደ ደምለው ጠጋ ብለው «የእሱ ነው?» አሉት። «የእሱ ነው፣ አባቴ» አላቸው።

ደምለው ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ሰው በገዛ ፊቱ ላይ ሲያለቅስ አየ። 

አልቻለም። በማግስቱ ለአባ ገብረ ሕይወት ተናዘዘ። አባም «ልጄ፣ ለእናትህ እውነቱን ንገራት። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ንገራት። የወንድምህ ተዝካር በሌላ ሰው ፊት ላይ እንዳይወጣ» አሉት።

«እሺ አባቴ። ነገ።»

ነገ አለ። ደግሞ በልቡ ሌላ ነገር አሰበ። ሬሳውን ካገኘሁት ያንን የሐሰት ፎቶ አውርጄ አቃጥላለሁ፣ እናቴም ሳታውቅ ትቀራለች አለ። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ የቱ አለት እንደሚወጣ፣ የቱ አሸዋ እንደሚገለጥ በፎቶ ልከተል አለ። ከሸምሱ አሥር ጥቅል ፊልም ወሰደ። አንዱ ጥቅል ሠላሳ ስድስት ነው። በቀን አንድ ፎቶ፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ፣ በዚያው ሰዓት። ሦስት መቶ ስድሳ ቀን። የመጨረሻዋ የምትውለው በሐምሌ ገብርኤል ዕለት፣ በሙት ዓመቱ ዋዜማ ነው። ቆጥሮታል።

ጀመረ። ወረደ፣ አነሳ፣ ተመለሰ። ወረደ፣ አነሳ፣ ተመለሰ። በነሐሴ ጉም ነው፣ ውሃው ጭቃ ነው። የመጀመሪያውን ጥቅል ሸምሱ አጠበው። ምንም የለም።

መስከረም ጠባ። ማዶው ቢጫ ሆነ። ሁለተኛው ጥቅል ታጠበ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ዝንብ የምታክል ነጥብ አለች።

«አቧራ ነው» አለ ሸምሱ።

አቧራ ነው? እሺ፣ አቧራ ይሁን።

ኅዳር ገባ፣ እህሉ ታጨደ። ነጥቧ ከኮረብታው ወርዳ የታጨደው ማሳ ላይ ቆማለች። እግር አላት።

«ይሄ ሰውዬ ማነው? ቀጥረኸው ነው?» አለ ሸምሱ። «በሠላሳ ስድስቱም ላይ ተገትሯል እኮ! ደግሞ በዚህ ውርጭ በሸሚዝ!»

ደምለው አልሳቀም። «እኔ ሳነሳ ማዶ ማንም አልነበረም» አለ።

መጋቢት ሆነ። ወንዙ ደረቀ፣ ድንጋዩ አጥንት መሰለ። ደምለው ወርዶ በየአለቱ ሥር ፈለገ። አሸዋውን በእጁ ቆፈረ። ምንም አላገኘም። ሰባተኛው ጥቅል ሲታጠብ ሰውዬው ማዶ ዳር ላይ ነበር። እጆቹን ደረቱ ላይ አጥፏል፣ እንደበረደው ሰው። የማዶው ዛፍ ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሸሚዙ ቁልፍ ይቆጠራል። ፊቱስ? ፊት የለውም። ውሃ እንደላሰው ድንጋይ ልሙጥ ነው።

ሸምሱ ፎቶውን በደረቱ ደፋው። «ደምለው፣ እኔና አንተ ስላነሳነው ስለዚያ ፎቶ ለእናትህ ንገራቸው። ዛሬ ንገራቸው።»

«ነገ» አለ ደምለው።

በዚያው ሰሞን እናቱ ጠሩት። ፎቶው ጭናቸው ላይ ነበር።

«ደሜ፣ ወንድምህ በሕልሜ መጣ። 'እማዬ፣ ምነው በሌላ ሰው ፊት ላይ ታለቅሺልኛለሽ?' አለኝ። ምን ማለቱ ነው?»

ያቺን ደቂቃ አያችኋት? እግዚአብሔር በር ከፈተለት። ደምለውም አፉን ከፈተ።  ከዚያ «ሕልም ነው፣ እማዬ» ብሎ ወጣ።

ሰኔ መጣ፣ ዝናብ ጣለ። በዘጠነኛው ጥቅል መጨረሻ ላይ ሰውዬው ወንዙን ተሻግሯል። ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ቆሟል፣ ወደ ላይ እያየ። ዓይን ሳይኖረው እያየ።

ታዲያ ደምለው ለምን አልተወውም? አንድ ጥቅል ብቻ ነው የቀረኝ አለ። ውሃው የተደበቀውን ያወጣልኛል አለ። ሰው እውነት መናገር ሲፈራ ምን የማይፈራው ነገር አለ?

የሐምሌ ገብርኤል ንጋት ደረሰ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አባርቷል። የደምለው ጋቢ ርሶ ነበር፣ ስለዚህ ከግድግዳው ላይ የወንድሙን ካፖርት አውርዶ ለበሰ። ሰዉ ሁሉ ወደ ንግሥ ሲሄድ እሱ ካሜራውን አንጠልጥሎ ወደ ወንዙ ታጠፈ። አባ ገብረ ሕይወት መንገድ ላይ አገኙት።

«ልጄ፣ ዛሬ ከሰው ጋር ና። ብቻህን አትውረድ።»

«አንዲት ፎቶ ብቻ ናት የቀረችኝ፣ አባቴ። አንስቼ መጥቼ ለእናቴ እነግራታለሁ።»

«ነገ?»

«ዛሬ፣ አባቴ። ዛሬ» አለ። ከልቡ ነው ያለው። እግዜር ያውቃል፣ ከልቡ ነው።

ወረደ። ባሕር ዛፎቹን አለፈ። ድንጋዩ ላይ ወጣ። ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ኮረብታውን አየ፣ ማንም የለም። ማዶ ዳሩን አየ፣ ማንም የለም። ድንጋዩ ሥር አየ፣ ማንም የለም። «ተመስገን» አለ። «ሄደ። ተመስገን።»

ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው።

ከኋላው ውሃ ሰማ። ጠብ።

ዝናቡ አባርቷል አላልኳችሁም? ዛፍ የለ፣ ጣሪያ የለ። ጠብ። ጠብ። ከዚያ ጆሮው ሥር፣ እዚህ ጋ፣ አንድ ድምፅ፦

«ደሜ፣ ዛሬስ ፊልም አለህ?»

...

ታቦቱ ወጥቶ ገባ። ደምለው አልመጣም። ሰዎች ወርደው ሲያዩ ካሜራው ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል፣ ማንገቻው በሥርዓት ታጥፎ። ደምለው የለም። ካፖርቱም የለም።

ፊልሙን ሸምሱ አጠበውና ራሱ ይዞት መጣ።  አባ ገብረ ሕይወት ባሉበት ለወይዘሮ አንጓች ዘረጋላቸው። ሠላሳ አምስቱ ባዶ ናቸው፤ ወንዝ ብቻ። ለምን ባዶ ሆኑ? ሰውዬው ከፊቱ አልነበረማ! ሠላሳ አምስት ቀን ሙሉ ከኋላው ነበር የቆመው።

የመጨረሻዋስ? በመጨረሻዋ ላይ ቢያድግልኝ ድንጋዩ ላይ ቆሟል። ካፖርቱን ለብሷል። ፊቱ ሙሉ ነው። ይስቃል።

«ይሄ ነው ልጄ!» አሉ እናቱ። «ይሄ ነው!» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ ዓመት ሙሉ ወዳለቀሱበት ፎቶ። «ታዲያ... ይሄ ማነው?»

 እሳቸው ራሳቸው ቀረብ ብለው አዩት። አወቁት። የደምለውን ልቅሶ ዓመት ሙሉ አልቅሰው ጨርሰው ነበር።

ሸምሱም በማጉያ መነጽሩ ፎቶዋን ደግሞ አያት። ከቢያድግልኝ ትከሻ ጀርባ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ዝንብ የምታክል ነጥብ አለች። ቀጠን ያለ ሰው ነው። እጆቹን ደረቱ ላይ አጥፏል።

ወይዘሮ አንጓች ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ፎቶዋ ግን ዘመድ ቤት ተሰቅላለች። አምና አይቻታለሁ፤ በዓይኔ። ነጥቧ ኮረብታው ላይ አይደለችም። ወርዳ ወንዙ ዳር ቆማለች።

የትኛው ወንዝ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ነገ ጎህ ሲቀድ እዚህ ታች የምንሻገረው ወንዝ አለ። እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ አቡነ ዘበሰማያት እያልን ነው የምንሻገረው። ማንም ብቻውን አይቅደም፣ ማንም ብቻውን አይቅር። በቤቱ ሊናገረው የሚገባ እውነት ያለው ሰው ካለ ደግሞ ነገ አይበል።

አንተ ወንድሜ፣ ጥጉ ላይ ያለኸው። ማታ ስንደርስ ስልክህን ወደ ማዶ አዙረህ ስታነሳ አይቼሃለሁ። ማዶ ማንም አልነበረም፣ አይደል?

አይ፣ አሁን አትክፈተው። ሲነጋ፣ ሁላችንም ባለንበት።