የጠዋትና የቀትር እግር

ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት። እቴነሽ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆማ ቆጠረች። ወንድሟ ይርጋ ማንም ሳይደግፈው እስከ አጥሩ ደርሶ ተመለሰ። ገና ማለዳ ነው፤ የደብረ ታቦር ውርጭ አልተነሣም።

ትናንት ቀትር ላይ ግን እሷና እናቷ ተሸክመው ነበር ያስገቡት።

«ያስመስላል» የሚለው ወሬ የተነሣው ከወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። ለእግሩ ይበጀዋል ተብሎ ወደ ፍል ውሃው ሲወሰድ በምርኩዝ እየተራመደ ገባ፤ ሲወጣ መቆም አቃተው። ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተነሥቶ ሄደ። ወገቡን ሊታጠብ የመጣው የቀበሌያቸው ሊቀመንበር ፈንታሁን ይህን ሁሉ አየ። ይርጋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከተመዘገቡት ጋር ነበረ።

ፈንታሁን እቴነሽን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ አስቆማት። «ሐሙስ የምልመላው ኮሚቴ ፊት ትቀርቢያለሽ። ሲራመድ አይተሽ ከሆነ አይቻለሁ፣ ካላየሽ አላየሁም ትያለሽ። ሌላ ጣጣ የለውም።»

እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ሲሰሙ «አላየሁም በይ፤ አለቀ» አሉ።

እቴነሽን ያንገበገባት ሌላ ነበር። ከጎረቤት ሁለት ልጆች ዘምተው ቀርተዋል፤ ይርጋ ቢያስመስል አትፈርድበትም። ግን እሷንስ ለምን ያታልላል?

ሰኞ መምህር ሙላቴ ስለ ነርቭ ሊያስተምሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዘው ገቡ። «ነርቭም እንዲህ ሽፋን አለው፤ ማይሊን ይባላል። ከስብና ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ፕሮቲኖቹ ሽፋኑን ድርብርብ አድርገው ያጣብቁታል። መልእክቱ የሚፈጥነው በዚህ ነው። ጫፍ ሲደርስ ነርቩ ኬሚካል ያመነጫል፣ ያን ጊዜ ጡንቻው ይታዘዛል። ሽፋኑ ከተላጠ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል።»

ተማሪው ሲወጣ እቴነሽ ቀረች። «መምህር፣ ሽፋኑ የተላጠበት ሰው ጠዋት ሄዶ ቀትር ላይ ሊወድቅ ይችላል?»

መምህሩ አይተዋት በሩን ዘጉ። «ሙቀት እንዲህ ያለውን ነርቭ ይባስ ያደክመዋል የሚል አንብቤያለሁ። ግን ሐኪም አይደለሁም፤ እኔ አልሁ እንዳትይ። ታሟል ወይም ዋሽቷል ብለሽ አትጀምሪ። ያየሽውን በየሰዓቱ ጻፊ።»

ጻፈች። ማክሰኞ ማለዳ እንደገና ሠላሳ ስምንት፣ ቀትር ላይ ስድስት እርምጃ። ረቡዕ ደመናና ካፊያ ነበረ፤ ለምሳ ስትመለስ ሃያ ዘጠኝ እርምጃ ሄደ። ቁጥሩን ስትጽፍ ይርጋ ከበሩ ጀርባ አገኛት።

«ትሰልይኛለሽ?»

«እቆጥራለሁ።»

«ለፈንታሁን?»

እርሳሷን አስቀመጠች። ከዚያ «አላመንሁህም ነበር» አለችው።

ይርጋ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ፀሐይ ሲበረታ የግራ ዐይኔም ይጨልማል። ፍል ውሃው ውስጥ ጭራሽ ጠፋኝ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ደግሞ ይሄን ጨመረበት እንዳይሉኝ።»

ስለ ሙቀት አንድም ቃል አልነገረችውም ነበር። እርሳሷን አነሣች። «ልጻፈው?»

«ጻፊው።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ ኮሚቴው ፊት ቆመች። ፈንታሁን «አየሽው ወይስ አላየሽውም?» አላት። እናቷ ከበሩ አጠገብ በዐይናቸው ይለምኗት ነበር።

«አይቻለሁ» አለች። «ሠላሳ ስምንት እርምጃ ሄዷል።»

ወይዘሮ ዘነበች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፈንታሁን «በቃ» ብሎ ወደ ጸሐፊው ዞረ።

«አልጨረስሁም» አለች እቴነሽ፤ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ያ የማለዳው ነው። የቀትሩንም ያንብቡት።»

ፈንታሁን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ በጥርጣሬ ተመለከታት። «ይህን ማን አስጻፈሽ?»

«ማንም። የቆጠርሁት እኔ ነኝ። ካላመኑኝ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይምጡና ይቁጠሩ።»

ፈንታሁን ሰዓቱን አየ። «እንመጣለን» አለ፣ ደብተሩንም ወደ ራሱ ሳበ።

እቴነሽ እጇን ዘርግታ መልሳ ወሰደችው። «ይሄ እኔ ዘንድ ይቆያል» አለች።