ያልደማው አገጭ

ነጋዴው ዐቦኮር ቁርሱን ሳይጨርስ ወድቆ ሞተ። ገላው ገና ሳይታጠብ ታናሽ ወንድሙ ፋራህ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ የሟቹን ሚስት ላዳንን ከሰሳት። መድኃኒቱን በእጇ የምትሰጠው እሷ ናት፤ መርዛዋለች አለ።

ኢንስፔክተር ንጋቷ ጅጅጋ ከመጣች አምስት ዓመቷ ነው። ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ጣቱን የሚቀስር ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል። ሽማግሌዎቹ ቀብሩ እንዳይዘገይ ለመኗት፤ እስከ ቀትር ታገሱኝ ብላ ከሟቹ ሐኪም ከዶክተር ዐብዲረዛቅ ጋር ወደ ቤቱ ገባች። ላዳን ጓዳ ውስጥ ሦስት ልጆቿን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ በሯ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

ዶክተሩ ነገሩን ባጭሩ አስረዳ። የሟቹ የልብ ደም ሥሮች ሦስት ቦታ ጠበው፣ ከሰባት ወር በፊት ውጭ አገር ሥሩን ከፍተው የሚይዙ መድኃኒት የተቀቡ የብረት ቱቦዎች፣ ስቴንቶች፣ ገብተውለታል። ብረቱ የተቀባው መድኃኒት ሥሩ ተመልሶ እንዳይጠብ ይከላከላል፤ ነገር ግን ብረቱ በሥጋ ቶሎ እንዳይሸፈንም ያደርጋል።

«እስኪሸፈን ድረስ ደም ብረቱ ላይ ረግቶ ልቡን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ደም የሚያቀጥነውን ክኒን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያስታጉል መዋጥ ነበረበት» አለ።

ክኒኑ በብልቃጡ አለ፤ ሮዝ፣ ክብ፣ ቁጥሩም ልክ። የንጋቷ ዓይን ግን የሟቹ አገጭ ላይ ቀረ። የዛሬ ጠዋት የምላጭ ጭረት ድርቅ ብሎ ገጥሟል። እጅጌውን ገለጠች።

«ባለፈው ወር ሳየው ክንዱ በሙሉ በልዞ ነበር» አለ ዶክተሩ። አሁን ንጹሕ ነው።

ላዳንን ጠየቀቻት። ቀድሞ ምላጭ ሲነካው ደሙ ግማሽ ሰዓት አልቆም ይል ነበር፤ ሰሞኑን ወዲያው ሲቆምለት ተሻለኝ ብሎ ደስ ብሎት ነበር አለቻት። ፋራህ በበኩሉ መድኃኒቱን በየወሩ በራሱ መኪና ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ የሚያመጣው እሱ እንደሆነ፣ የመጨረሻውንም የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ እንዳመጣ ኮራ ብሎ ነገራት። ንጋቷ ወጥታ ትራፊክ ፖሊሶቹንና የሰፈሩን መድኃኒት ቤት ባለቤት ዩኒስን ጠይቃ ተመለሰች። ዩኒስንም ይዛው መጣች።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ክኒኑን የሚውጥ ሰው ይደማል፣ ይበልዛል። ዐቦኮር ሁለቱንም ትቶ ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ የሚውጠው ሌላ ነገር ነው። አቶ ፋራህ፣ በዚያ ማክሰኞ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ከቶጎጫሌ አንድም መኪና አልገባም። የእርስዎ ከየት ገባ?»

ፋራህ ዩኒስን ገላመጠው።

«ሮዝ ቪታሚን ነው የሸጥኩለት» አለ ዩኒስ አንገቱን ደፍቶ። «ለልጆች ነው ብሎኝ።»

«ረስቼው ነው» አለ ፋራህ በመጨረሻ። «ከማክሰኞው በፊት ቶጎጫሌ ደርሼ ሳልገዛ ተመለስኩ፤ ከዚያ ጎርፉ መጣ። መንገዱ ሲከፈት አመጣለሁ ብዬ ነበር። ታላቄን ረሳሁ ማለት አፈርኩ።»

«መንገዱ ከተከፈተ ስምንት ቀኑ ነው» አለች ንጋቷ።

የአብዬን ወደ እምዬ ይሉታል ይሄን፤ ንጋቷም እርስዎ ማለቱን ተወችው።

«ወንድምህን ለመንገር አፈርክ። የልጆቹን እናት ነፍሰ ገዳይ ለማለት ግን አላፈርክም።»

ፖሊሱን ከላዳን አጠገብ አንስታ ፋራህ አጠገብ አቆመችው። ላዳን ብልቃጡን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አየችው። በየጠዋቱ ክኒኑን በውሃ ያቀበለችው በዚያች እጇ ነው።

«ብትነግረኝ ኖሮ» አለችው ፋራህን፣ «በእግሬም ቢሆን ሄጄ አመጣው ነበር።»