የሩዝ ጠባቂው ጠመንጃ

የማኅበሩ ሩዝ ጠባቂ አቶ አድማሴ ከጎጆአቸው ደጃፍ በጀርባቸው ተዘርግተው ሞተው ተገኙ። ጥይትና ባሩድ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃቸው እጃቸው ላይ ፈንድቷል። ደርግ መሣሪያ ሲለቅም እንኳ ንቆ የተወው ጠመንጃ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ እዬዬ የሚል አንድ ሰው አልነበረም፤ ያሳዝናል።

መርማሪው መቶ አለቃ ደሳለው ከወረታ ጭቃውን አቋርጦ ሲደርስ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አለኸኝ ባሩድ አቅራቢዋን ወይዘሮ ሸሪፋን በገመድ አሳስሮ ጠበቀው።

«የአብዮት ጠላት ናት! በመጥፎ ባሩድ ጠባቂያችንን ገደለችብን» አለ።

«ባሩድ መሸጥ ዘንድሮ የጀመርሁት ነው እንዴ? ጎንደር ከወሰዱኝማ መመለሻ የለኝም ጌታዬ» አለች ሸሪፋ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለ ደሳለው ሊቀ መንበሩን እያየ። ከተረፈው ባሩድ ቆንጥሮ ድንጋይ ላይ ለኮሰ። ቦግ ብሎ ነደደ፤ ደህና ባሩድ ነው። ቀጥሎ ጥይት መግፊያውን ዘንግ አነሳ። ዘንጉ በጭስ ጠቁሯል፤ የታችኛው ጫፉ ግን አዲስ ተቆርጦ ነጭ ሆኗል። ከፍ ብሎ አንድ ጥልቅ ጭረት አለ።

የሟች እህት ልጅ ይሁኔ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«አጎትህ ሲያጎርሱ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም! እኔ የበሬ ሰው ነኝ።»

ደሳለው ሦስቱንም ጎጆው ፊት ሰብስቦ፣ «እስቲ አቶ አድማሴ እንዴት እንደሚያጎርሱ አሳዩኝ» አላቸው።

አለኸኝ ዘንጉን በጠመንጃው አፈሙዝ ከትቶ በርበሬ እንደሚወቅጥ ሰው ደበደበው። ሸሪፋ በታሰረ እጇ ዘቅዝቃ ያዘችው። ይሁኔ ግን ቀስ አድርጎ ገፋው፤ አውራ ጣቱም ሳያስበው ጭረቱን ዳሰሰ።

«በቃ» አለ ደሳለው። «ሾጣጣ ጥይት ቀጥ ብሎ ገብቶ ባሩዱ ላይ ካልተቀመጠ ዒላማውን ይስታል። ከተደበደበም ጫፉ ይጨፈለቃል። አቶ አድማሴ ዓይናቸው ስለ ደከመ ልኩን ዘንጉ ላይ ጫሩ፤ ጭረቱ አፈሙዙ ጋ ሲደርስ በጣታቸው ዳብሰው ያቆማሉ። አንድ ሰው ዘንጉን ከታች አሳጠረው። እሳቸው ጭረቱን አምነው አቆሙ፤ ጥይቱ ግን ባሩዱ ጋ አልደረሰም። መሐሉ ክፍት ሲሆን ጠመንጃ ይፈነዳል። ይህን ልክ የሚያውቅ አጠገባቸው እየተቀመጠ ያየ ብቻ ነው። አይቼ አላውቅም አልኸኝ ይሁኔ፤ ጣትህ ግን ያውቃል።»

ይሁኔ ተንበረከከ።

«በሬዬ ሩዙን በላ። ዳግም ባየው እተኩስበታለሁ አሉኝ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ባሩዱ ላይ ካልተቀመጠ ይስታል ብለው ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። እንዲስት ብዬ ቆረጥሁት። እንደሚፈነዳ አልነገሩኝም!»

ደሳለው ሸሪፋን ፈትቶ ገመዱን ይዞ ወደ ይሁኔ ሄደ። ይሁኔ ሁለት እጁን ዘረጋለት።

«እሰሩኝ ጌታዬ፣ ይገባኛል። ግን አስቀድሜ ልቅበራቸው። ከእኔ በቀር ዘመድ የላቸውም።»

ደሳለው ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና አካፋ አስመጣለት።